ኪቦርዱን ማናገር፦ ቮኮደር እንዴት እንደሚሠራና ማዞሪያዎቹ ምን እንደሚያደርጉ

ጥያቄው፦ «ጎንደርና አካባቢው ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። በቅርቡ ያገለገለ ማይክሮኮርግ የሚባል ትንሽ ኪቦርድ ገዛሁ። ቮኮደሩን ከፍቼ ማይኩ ላይ ስዘፍን አንዳንዴ ምንም አይወጣም፣ አንዳንዴ ‹ዝዝዝ› የሚል ነገር ብቻ ይወጣል፤ ቃሉ አይለይም። ከፍ ሳደርገው ደግሞ ያፏጫል። ጓደኞቼ ‹ኦቶቲዩን እኮ ነው› ይሉኛል። ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው? ማዞሪያዎቹስ ምን ምን ናቸው? ማሲንቆ ቢገባበት ይሆናል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልብህ ይረፍ፤ ዕቃህ የተበላሸ አይመስለኝም። ፒያሳ ያለችው የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ «ቮኮደሩ ሞቷል» ተብለው የመጡ ኪቦርዶች ጥቂት አይደሉም። የሞተ ማይክ አይቻለሁ፣ የላላ ጃክ አይቻለሁ፣ ውስጡ የተቆረጠ ገመድማ ስንቱን። የሞተ ቮኮደር ግን አንድም ቀን አላጋጠመኝም። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ዕቃው ሳይሆን ከዕቃው የምንጠብቀው ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ቮኮደር ድምፄን ይለውጥልኛል ብሎ ነው የሚከፍተው። ቮኮደር ግን ድምፅህን ይጥለዋል። የአፍህን ቅርፅ ብቻ ወስዶ ለኪቦርዱ ያለብሰዋል። ሰው የሚሰማው ኪቦርዱን ነው፤ ኪቦርዱ በአንተ አፍ ይናገራል።

ይህን በጆሮህ ማረጋገጥ ትችላለህ፣ አንድ ደቂቃም አይፈጅብህም። የፕሮግራም መምረጫውን ወደ መጨረሻው ቦታ፣ ቮኮደር ወደሚለው አዙር። በግራ እጅህ ዝቅ ያለ ዶ ተጭነህ ያዝ። አሁን አትዝፈን፤ ማይኩ ላይ ተጠግተህ ሹክ በል፦ «ሰላም ነው ወይ»። ሹክሹክታ ዜማ የለውም፣ ጉሮሮህም አይርገበገብም። ኪቦርዱ ግን «ሰላም ነው ወይ» ብሎ በዶ ይመልስልሃል። እጅህን ወደ ሶል አንሳና ድገመው፤ በሶል ይልልሃል። ዜማው ከጣትህ መጣ፣ ቃሉ ከከንፈርህ።

ለጓደኞችህም ይህንኑ አሳያቸው። ኦቶቲዩን እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሌላ ነገር ነው፤ የዘፋኙን የራሱን ድምፅ ይዞ፣ የሳተውን ኖታ ወደ ትክክለኛው ይጎትተዋል። ሹክ ብትልበት የሚይዘው ነገር የለውም። ቶክ ቦክስም ሌላ ነው፦ የመሣሪያው ድምፅ በላስቲክ ቱቦ አፍ ውስጥ ይገባና በራሱ በአፍ ተቀርፆ በማይክ ይወጣል። ሐሳቡ ለቮኮደር ቅርብ ነው፤ ግን ማጣሪያው ሥጋ ነው፣ ምራቅም አለው።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ፊደል የቆጠርክበትን ጊዜ አስታውስና ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ በል፤ ሰባቱንም በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ዜማ። ጉሮሮህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ የወንድ ድምፅ ስንናገር በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የሚለወጠው የምላስህ ቦታና የከንፈርህ ቅርፅ ነው። አፍ ውስጥ ያለው ክፍተት ቅርፁን በለወጠ ቁጥር የተለየ የድምፅ ክልል ያጎላል። «ሉ» ላይ በ300 እና በ800 ኸርዝ (ኸርዝ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው) አካባቢ ያለው ይጎላል። «ሊ» ስትል የታችኛው እዚያው 300 አካባቢ ይቀመጥና የላይኛው ዘሎ 2,200 አካባቢ ይደርሳል። «ላ» ላይ ደግሞ የታችኛው ወደ 700 ይወጣል፣ የላይኛው ወደ 1,200 ወርዶ ይጠጋዋል። ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አቀማመጡ ግን ያው ነው። እነዚህ ጉብታዎች ፎርማንት ይባላሉ፤ ጆሯችን ካዕብን ከሣልስ፣ ሣልስን ከራብዕ የሚለየው በእነሱ ነው።

ቮኮደር እነዚህን ጉብታዎች ነው የሚለካው። ከማይክ የሚገባው ድምፅ፣ ሞዱሌተር የሚባለው፣ በማጣሪያዎች ይከፋፈላል፤ የአንተ ማሽን 8 ማጣሪያ አለው። አንዱ የታችኛውን ጎርናና ብቻ ያሳልፋል፣ ቀጣዩ ከዚያ በላይ ያለውን፣ እንዲህ እያለ እስከ ላይኛው ፉጨት ድረስ። ከእያንዳንዱ ማጣሪያ ኋላ ኤንቨሎፕ ፎሎወር የሚሉት ክፍል ተቀምጧል፤ ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ «በዚህ ክልል አሁን ምን ያህል ኃይል አለ?» ብሎ መለካት። የሚሰጠው መልስ የሚሰማ ድምፅ አይደለም፤ ከፍና ዝቅ የሚል መጠን ነው። በሌላ ወገን ኪቦርዱ የሚያመነጨው ድምፅ፣ ካሪየር የሚባለው፣ በሌሎች 8 አምሳያ ማጣሪያዎች ይከፈላል። የአንደኛው ክልል ልኬት የካሪየሩን አንደኛ ክልል ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ የሁለተኛው ሁለተኛውን፤ ስምንቱ መጨረሻ ላይ ተደምረው ይወጣሉ። አለቀ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለጥምቀት የፋሲለደስ መዋኛ ሲሞላ አይተህ ይሆናል፤ ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ነው የሚመጣው። በሐሳብህ ስምንት ቦይ ጎን ለጎን አስቀምጥ፣ ለእያንዳንዱም በር አድርግለት። ውኃው ካሪየሩ ነው፣ በሮቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማይኩ። ውኃው ካልመጣ በሩ ቢከፈት ምን ይወጣል? «አንዳንዴ ምንም አይወጣም» ያልከው ይኸው ነው፦ ቁልፍ ሳትጫን ትዘፍናለህ። ሌላው ነገር ሁሉ ከመስተካከሉ በፊት ልማድህ ይስተካከል፦ መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ አፍ። ቃሉ ሳያልቅ ጣትህን ካነሳህም የመጨረሻው ፊደል ይቆረጥብሃል።

ይህ ሐሳብ ሲወለድ ማንም ስለ ሙዚቃ አላሰበም ነበር። ሆመር ደድሊ የሚባል የቤል ላብራቶሪ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያሰበው ስለ ስልክ ነው፦ ንግግርን በቀጭን መስመር እንዴት ማሳለፍ ይቻላል? ያስተዋለው ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል። ድምፅ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ይርገበገባል፤ አፍ ግን ዘገምተኛ ነው። ምላስና ከንፈር በሰከንድ ከ25 ጊዜ በላይ አይመላለሱም። ስለዚህ ድምፁን ትቶ የአፉን እንቅስቃሴ ብቻ መላክ ይበቃል አለ። በ10 ክልል ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱም ለጉሮሮው ከፍታም 25 ኸርዝ ብቻ መድቦ፣ 3,000 ኸርዝ ገደማ የሚፈልገውን ንግግር በ300 ገደማ አሳለፈው። እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ደግሞ የዚሁ ወንድም የሆነው ቮደር በቁልፍና በእግር መርገጫ ሲናገር ለሕዝብ ታየ፤ ማይክ የለውም፣ የሠለጠኑ ሴቶች ናቸው በጣታቸው ቃል የሚሠሩበት። እ.ኤ.አ. በ1943 ቮኮደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ የዋሽንግተንና የለንደን ምሥጢራዊ ስልክ አካል ሆነ፤ ሲግሳሊ የተባለው ያ መሣሪያ 50 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። አንተ ታቅፈኸው ባጃጅ ትሳፈራለህ።

ሙዚቀኞች ዘግይተው ነው የደረሱበት። ሙዚቀኛዋ ዌንዲ ካርሎስና የሲንተሳይዘር ሠሪው ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1970 ባለ 10 ክልል ቮኮደር ሠሩ፤ ኮርግ ኩባንያ በ1978 ባለ 20 ክልሉን ቪሲ-10 አወጣ፤ የአንተው ማይክሮኮርግ የ2002 ልጅ ነው። በነገራችን ላይ የስልኩ ዘርም አልጠፋም። በ2ጂ መስመር ከአዘዞ ወደ ማራኪ ስትደውል ስልክህ ድምፅህን በየ20 ሚሊሰከንዱ እየቆረጠ የአፍህን ቅርፅ በቁጥር ይልካል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ስልክ ከዚያ መልሶ ይገነባዋል። የእናትህ ድምፅ በስልክ ለምን ትንሽ እንደሚለይብህ አሁን ገባህ።

ወደ ችግርህ ልመለስ። ካሪየሩ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሰው ሁሉ ማይኩን ሲነካካ ይውላል፣ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ማጣሪያ ያለውን ይቀንሳል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። «ሊ» ለማለት 2,200 ኸርዝ አካባቢ ድምፅ ያስፈልጋል ብለናል፤ ካሪየርህ እዚያ አካባቢ ምንም ከሌለው በሩ ቢከፈትም ባዶ ነው። ዋሽንት የመሰለ ለስላሳ ድምፅ፣ ሳይን ዌቭ የሚሉት፣ በአንድ ክልል ብቻ ስለሚቀመጥ ለቮኮደር አይሆንም፤ «ላ» ብትል «ሊ» ብትል «ኡኡኡ» ነው የሚልህ። የምትፈልገው መጋዝ መሰሉን ሞገድ፣ ሶውቱዝ የሚባለውን ነው። ብቻውን ስትሰማው ያናድዳል፣ ንብ ይመስላል። ይሁን። ያ ሁሉ «ዝዝዝ» በ8ቱም ክልል የተሞላ ጥሬ ዕቃ ነው፤ አፍህ ይቀርፀዋል። ፐልስ ዌቭ የሚባለው ሌላው ሞገድም ይሆናል፣ ትንሽ አፍንጫ አፍንጫ ይላል። የካሪየሩ የራሱ ድምፅ ሲጀምር ቀስ የሚል፣ ወይም እንደ ክራር ተመትቶ የሚጠፋ እንዳይሆን፤ አታኩን (አጀማመሩን) ዜሮ፣ ሰስቴኑን (ቆይታውን) ሙሉ አድርገው።

ቀጥሎ የምትጫወትበት ከፍታ። 100 ኸርዝ ላይ ያለ መጋዝ ሞገድ በየ100ው ቅጥያ ድምፅ አለው፤ 200፣ 300፣ 400 እያለ እስከ 4,000 ብቻ ስትቆጥር 40 ይሆናሉ። አፍህ የሚቀርፀው ብዙ ነገር አገኘ ማለት ነው። 800 ኸርዝ ላይ ብትጫወት ግን እስከ 4,000 ያሉት 5 ብቻ ናቸው፤ ከ800 በታችማ ምንም የለም። የ«ሉ» እና የ«ሊ» የታችኛው ጉብታ 300 ላይ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሰርግ ላይ ሴት ዘፋኟን ልከተል ብለህ በቀኝ እጅህ ወደ ላይ ከወጣህ ቃሉ የጠፋብህ በዚህ ነው። ያቺ ኪቦርድ 37 ትንንሽ ቁልፎች ብቻ ስላሏት በኦክታቭ መጫኛው አንድ ወይም ሁለት ወደ ታች አውርዳትና ተጫወት። በአንድ ጊዜ የሚያወጣው 4 ኖታ ነው፤ አምስተኛ ስትጨምር ከፊተኞቹ አንዱን ይበላብሃል።

ስለ ኮርድ፣ ብዙ ኖታ አብሮ ስለ መያዝ፣ ትንሽ ልበል፤ የጣዕም ጉዳይ ስለሆነ ልትቃወመኝ ትችላለህ። የፈረንጅ ቮኮደር ሁሉ ሦስት ኖታ ይዞ መዘምራን ይመስላል። በትዝታ ቅኝት ያ አያስቸግርም፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ውስጥ ዶ-ሚ-ሶል አብረው ተቀምጠዋል። አንቺሆዬ ላይ ግን ከመነሻው ፍጹም አምስተኛ ስለሌለ፣ ሦስት ኖታ ያዝኩ ስትል ነገሩ ይጎፈንናል። እኔ እዚያ ላይ አንድ ኖታ ከታችኛው ኦክታቩ ጋር ብቻ ነው የምይዘው፤ ቃሉም ይበልጥ ይጠራል። እጅ ከበዛ ቃል ይጠፋል።

አሁን ማይኩ። ከኪቦርዱ ጋር የሚመጣው አንገተ ረጅሙ ማይክ ለቤት ጥሩ ነው፤ ዳስ ውስጥ ግን አላምነውም፣ ያገኘውን ሁሉ ይሰማል። ተራውን የመድረክ ዳይናሚክ ማይክ ከጀርባው ሰካበትና ከንፈርህን አስነካው ማለት በሚቻል ደረጃ ተጠግተህ ተናገር። ራቅ ብለህ ስትናገር ማይኩ የሚወስደው የክፍሉን ማስተጋባት ስለሆነ ጉብታዎቹ ይደበዝዛሉ። ስፒከሩ ሳይከፈት የመግቢያውን መጠን አስተካክል፦ ጮክ ብለህ ስትናገር የመግቢያው መብራት የሚቀላ ከሆነ በዝቷል። ሚክሰር ላይ ካለፈ ታችኛውን፣ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጠህ፣ ከ3,000 እስከ 5,000 ያለውን ትንሽ አንሳው፤ ኮምፕረሰር (ጩኸቱንና ለስላሳውን የሚያቀራርብ ዕቃ) ካለህም እዚህ ነው ቦታው።

ማዞሪያዎቹን በሰሌዳው ተራ ሳይሆን ለአማርኛ ባላቸው ጥቅም ተራ እነግርሃለሁ።

ከሁሉ በፊት ኤችፒኤፍ ሌቭል። አማርኛችን ሰ፣ ሸ፣ ጨ፣ ጸ የበዛበት ነው። «ሰ» ጉሮሮ የላትም፤ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለ ንፋስ ናት። «ሸ» ትንሽ ዝቅ ብላ ትጀምራለች። ካሪየርህ እዚያ ከፍታ ላይ ያለው ዜማ ያለው ንዝረት እንጂ ንፋስ አይደለም፤ ስለዚህ «ሰላም» ስትል «ዘላም»፣ ሲብስም «እላም» ይሆናል። ይህ ማዞሪያ የማይኩን ላይኛ ንፋስ ብቻ ቆርጦ በቀጥታ ከውጤቱ ጋር ይደባልቀዋል። ከዜሮ ተነስተህ «ሽሮ፣ ሰንሰል፣ ጨረቃ» እያልክ ቀስ ብለህ ክፈተው፤ ሰው ቃሉን እስኪለይ ድረስ፣ ከዚያ አትለፍ። ካለፍክ ምላስህ ስትፋጭ ብቻ ይሰማል። አጠገቡ ያለው ኤችፒኤፍ ጌት ሲበራ ያ ንፋስ የሚወጣው ቁልፍ ስትጫን ብቻ ነው፤ መድረክ ላይ አብራው፣ አለበለዚያ በዘፈን መሃል ስትተነፍስ ሁሉ ይሰማብሃል። የካሪየሩ ኖይዝም ተመሳሳይ እርዳታ ያደርጋል፤ መጋዙ ላይ ጥቂት ንፋስ ስትጨምር «ሰ» የምትቆምበት ታገኛለች።

ሁለተኛው ኢኤፍ ሴንስ ነው። የኤንቨሎፕ ፎሎወሩ ፍጥነት ማለት ነው፦ በሮቹ ምን ያህል ቶሎ ይከፈታሉ፣ ምን ያህል ቶሎስ ይዘጋሉ። ዝቅ ስታደርገው ይፈጥናል፣ ከፍ ስታደርገው ይዘገያል፣ ድምፁም ይለሰልሳል። ብዙ ሰው ልስላሴውን ወዶ ከፍ ያደርገዋል፤ ለእንግሊዝኛ ዘፈን ይሸከመዋል መሰለኝ፣ ለእኛ ግን አይሆንም። ለምን ብትል «ጠጣ» በል፣ ቀስ ብለህ። ከሁለተኛዋ ጣ በፊት አፍህ ተዘግቶ ዝም ይላል፤ ከዚያ ፈንድታ ትወጣለች። ያቺ ዝምታ ናት ፊደሉን ያጠበቀችው። በሮቹ ቶሎ ካልተዘጉ ዝምታዋ በካሪየሩ ጭራ ትሞላለች፤ የጠ ፍንዳታዋም ሚሊሰከንዶች ብቻ ስለምትቆይ በሩ ሳይከፈት ታልፋለች። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። «ይበላል» የሚለውን አስበው፤ ላልቶ ሲነበብ ሰውዬው ይበላል፣ ጠብቆ ሲነበብ ምግቡ ይበላል። ሲጻፍ አንድ ነው፣ ሲነገር ሁለት። ኢኤፍ ሴንሱ ቀርፋፋ ሲሆን ሁለቱ አንድ ይሆኑና ግጥሙ ይበላሻል። ስለዚህ ዝቅ አድርገው፤ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ከሰማህ ጥቂት መልሰው። እስከ ጥግ ካዞርከው ሆልድ የሚል ይመጣል፦ በዚያች ቅጽበት አፍህ የነበረውን ቅርፅ ያዝ አድርጎ ያስቀረዋል። «ኣ» ብለህ አስይዘው፣ ከዚያ አፍህን ዘግተህ በእጅህ ብቻ ተጫወት፤ መዘምራን ይመስላል። መድረክ ላይ ግን ሳታውቀው ከተነካ «ማይኩ አይሠራም» ብለህ እኔ ዘንድ ትመጣለህ።

ሦስተኛው ትሬሽሆልድ ነው፤ የ«ዝዝዝ»ህ መድኃኒት እሱ ነው ብዬ እገምታለሁ። ማይኩ ከዚህ መጠን በታች የሆነውን እንዳይሰማ የሚያደርግ ነው። አንተ ዝም ስትል ማይኩ ዝም አይልም፤ ሰዉ ይጫጫል፣ ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ ኧርዝ የሌለው ማከፋፈያ የ50 ኸርዝ እንጉርጉሮ ያስገባል። ቮኮደሩ እሱን ሁሉ ንግግር ነው ብሎ በሮቹን ገርበብ አድርጎ ይተዋቸዋል፤ ካሪየሩም በዚያ በኩል «ዝዝዝ» እያለ ይወጣል። ቁልፍ ተጭነህ፣ አፍህን ዘግተህ፣ ዝም እስኪል ድረስ ትሬሽሆልዱን አንሳ። ከበዛ የቃል መጨረሻ ይቆረጣል። ጌት ሴንስ ደግሞ ያ በር ሲዘጋ ቶሎ ወይስ ቀስ ይበል የሚለውን ይወስናል። የ50 ኸርዙ ነገር ከባሰ ግን በማዞሪያ አታባርረው፤ ማከፋፈያውን ቀይር።

የቀሩት የጣዕም ናቸው። ፎርማንት ሺፍት የካሪየሩን ማጣሪያዎች ሁሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንሸራትታል፤ ወደ ላይ ሲሄድ የሕፃን አፍ፣ ወደ ታች ሲሄድ የግዙፍ ሰው አፍ ይሆናል፣ ኖታው ግን ቦታውን አይለቅም። ከትኦፍ እሱኑ በቀጭኑ ነው። ሬዞናንስ ሲጨምር እያንዳንዱ በር ይጠብና ያፏጫል፤ ከግማሽ በላይ አላስኬድም። በቻናል ሌቭል ስምንቱን ክልሎች አንድ በአንድ ማመጣጠን ትችላለህ፤ እኔ የታችኛውን ትንሽ ዝቅ፣ ከላይ ያሉትን ሁለት ከፍ አደርጋለሁ። ዳይሬክት ሌቭል የራስህን ጥሬ ድምፅ ይቀላቅላል፤ ሰርግ ላይ ሙሽራውን በስም ስትጠራ ትንሽ ክፈተው፣ ስም ካልተሰማ ነገር ይመጣል። ስምንት ክልል ለንግግር ጥቂት ነው፤ ሁሉን አስተካክለህም ፈጣን ግጥም ሙሉ በሙሉ አይገባም። አንድ ሐረግ ምረጥና እየደጋገምክ ተጠቀምበት።

ስለ ማፏጨቱ። የስፒከሩ ድምፅ ወደ ማይኩ ይመለስና በሮቹን ይከፍታል፣ የተከፈተው ይጮሃል፣ ጩኸቱ ደግሞ ይመለሳል። ስፒከሩን ከማይኩ ፊት አርቀው፣ ለራስህ በጆሮ ማዳመጫ ስማ። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ዳስ ውስጥ ይህን ሳላስብ፣ ከበሮ መቺው ከማይኬ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀመጠ። ኮርድ ይዤ የምዘፍንበትን ስጠብቅ ከበሮው በተመታ ቁጥር የታችኞቹ በሮች ይከፈቱና ኪቦርዴ «ዱም ዱም» ይላል። አፌን ሳልከፍት። ደንግጬ ገመድ ስፈትሽ የሙሽራው አጎቶች እስክስታውን ጀምረውታል፤ የተዘጋጀበት መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ ከበሮውን በማይክ አስገብቼ ኮርዱን በምቱ አስረግጠዋለሁ። ሞዱሌተሩ የግድ ሰው መሆን የለበትም።

ካሪየሩም የግድ ኪቦርድ መሆን የለበትም፤ ስለ ማሲንቆው የጠየቅከው ስለዚህ ነው ደስ ያለኝ። ይሆናል፣ እንዲያውም ከምናውቃቸው የአገር መሣሪያዎች ሁሉ ለዚህ የተፈጠረው እሱ ነው። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ሲፈተግ የሚወጣው ድምፅ ልክ እንደ መጋዝ ሞገዱ ከታች እስከ ላይ የተሞላ ነው፣ ሳይቋረጥም ይቆያል። ጎረቤቴ አዝማሪ ነው። ትንሽ ፒዬዞ (ንዝረት የሚይዝ ተለጣፊ ማይክ) ከማሲንቆው ቆዳ ጠርዝ ላይ ለጥፈን፣ ድምፁ ደካማ ስለሆነ በሚክሰር አጎልብተን፣ ወደ ሁለተኛው የድምፅ መግቢያ አስገባነው። ኢንስት ሌቭሉን፣ የዚያን መግቢያ መጠን፣ ከፍተን የውስጡን ኦሲሌተር፣ የኪቦርዱን የራሱን ድምፅ አመንጪ፣ ዘጋነው። እሱ ማይኩ ላይ በሹክሹክታ ብቻ «ኧረ እንዴት ነሽ» እያለ ደጋኑን ሳበ። ማሲንቆ የአዝማሪን ዜማ ሲደግም ኖሯል፤ ያን ዕለት ቃሉንም ደገመው። ጎረቤቴ ደጋኑን አቁሞ መሣሪያውን ገልብጦ አየው።

ሁለት ነገር ያስቸግርሃል። ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር ቅጽበታዊ ክፍተት አለ፤ የቃሉ ወሳኝ ፊደል እዚያ ላይ እንዳይወድቅ ደጋኑን በቃሉ ልክ መሳብ ያስፈልጋል፤ ይህን አዝማሪው ከእኔና ከአንተ ይልቅ ያውቅበታል። ሌላው፣ የማሲንቆው ድምፅ ራሱ ወደ ማይኩ ከገባ የራሱን በር ራሱ ይከፍታል፣ ቃሉም ይታጠባል። ስለዚህ ማይኩ ከንፈር ላይ፣ ማሲንቆው ዝቅ ብሎ ጉልበት ላይ፣ ትሬሽሆልዱ ደግሞ ደጋኑ ብቻውን ሲሳብ ምንም እስከማይወጣ ድረስ ይነሳ። ዳስ ውስጥ ከመክፈትህ በፊት ቤትህ ሞክረው።